የኮሌጅ ተማሪዎች ስለሚሸጧቸው የእሽቅድምድም ፈረሶች፦ ጥያቄና መልስ

በኒው ዮርክ ግዛት መካከለኛ ክፍል፣ ከሲራክዩስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሞሪስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ኮሌጇ በየዓመቱ መስከረም አካባቢ ስታንዳርድብሬድ የሚባሉ፣ ሰረገላ እየጎተቱ የሚወዳደሩ ዝርያ የአንድ ዓመት ፈረሶችን በጨረታ ይሸጣል፤ ከሥራው ብዙውን የሚሠሩት ደግሞ የፈረስ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። እኔ የምኖረው በዚያው ግዛት ነው፤ እንጀራዬም ከዚህ ዝርያ እርባታ ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ጨረታው አንሥቼ ብዙ ጥያቄ ስለ ደረሰኝ እነሆ መልሱን በአንድነት።

ኮሌጅ ፈረስ ሸጦ ምን ያገኛል? ነጋዴ ሆነ ማለት ነው?

ጨረታው የትምህርቱ ክፍል ነው። ሞሪስቪል በ1908 የግብርና ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመ ነው፤ በእጅ እየሠሩ መማር የቆየ ልማዱ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ውርንጭላው በአሜሪካው ክረምት ማብቂያ ወይም በጸደይ ይወለዳል፤ የሚሸጠው በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ የእንስሳውን ሙሉ መንገድ ሊያይ ይችላል፦ ማዳቀሉን፣ ምጡን፣ ጡት ማስጣሉን፣ ከዚያም ሽያጩን። የስታንዳርድብሬድ ሕግ ደግሞ ሰው ሠራሽ ማዳቀልን ይፈቅዳል። ቶሮብሬድ በሚባሉት፣ ጋላቢ ተቀምጦባቸው በሚሮጡት ፈረሶች ዘንድ ግን ይህ ክልክል ነው፤ ድንጉላው የግድ ከባዝራዋ ጋር በአካል መገናኘት አለበት። ስታንዳርድብሬድ ለኮሌጅ የሚመች ዝርያ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ቀዝቅዞ ከሌላ ቦታ በሚላክ ዘር ተማሪው ራሱ ሥራውን ሊለማመድ ይችላል።

ስታንዳርድብሬድ ምን ዓይነት ፈረስ ነው?

ቀላል ባለሁለት ጎማ ሰረገላ እየጎተተ የሚወዳደር የአሜሪካ ዝርያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1879 አርቢዎች ካወጡት መለኪያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወደ መዝገቡ ለመግባት ፈረሱ አንድ ማይል በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መሮጥ ነበረበት። ዛሬ ፈጣኖቹ ከ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በታች ይገባሉ። በ2022 ቡልዶግ ሃኖቨር የተባለው ፈረስ በኒው ጀርሲው የሜዶውላንድስ የሩጫ ሜዳ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ከ4 አምስተኛ ገብቷል።

የዘሩ አባት ሃምብልቶኒያን የሚባል በ1849 በኒው ዮርክ ኦሬንጅ አውራጃ የተወለደ ድንጉላ ነው። ዊልያም ራይስዲክ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ ውርንጭላውን ከነእናቱ በ125 ዶላር ገዛው፤ እናቲቱ ያነክሳት ነበር። ያ ውርንጭላ አድጎ ከ1,300 በላይ ልጆች ወለደ፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚሮጡት ስታንዳርድብሬዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአባት በኩል የሚቆጠሩት ከእርሱ ነው። በጨረታ ሜዳ ሁሉም ሰው ያልታየለትን ፈረስ ለማግኘት ዓይኑን የሚያፈጠው እንዲህ ያለ ታሪክ ስላለ ነው።

ፈረሱ እንዳይጋልብ፣ በሶምሶማ ብቻ እንዲሮጥ የሚያደርገው ሥልጠና ነው ወይስ ተፈጥሮ?

ሁለቱም ነው፤ ተፈጥሮው ግን ይቀድማል። ዝርያው ሁለት ዓይነት አረማመድ አለው። ትሮተሩ የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ እግሩን አንድ ላይ ያነሣል፤ ፔሰሩ ደግሞ በአንድ ጎን ያሉትን ሁለቱን። በአሜሪካ የሚበዙት ፔሰሮች ናቸው። በ2012 የስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተካተቱበት ቡድን ዲኤምአርቲ3 በተባለ ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ የፈረስን አረማመድ እንደሚወስን አሳየ፤ የአሜሪካ ስታንዳርድብሬዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ለውጥ ተሸክመዋል። በውድድር መሐል ወደ ግልቢያ የገባ ፈረስ ወደ ጎን ወጥቶ አረማመዱን እስኪያስተካክል ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ያን ጊዜ ውድድሩ ብዙውን ጊዜ አበቃለት።

ተማሪዎቹ በተግባር ምን ይሠራሉ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ሰው ጨረታ ሲባል የሚያየው አጫራቹን ብቻ ነውና።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በበጋ፣ ከሽያጩ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። እስከዚያ ድረስ ውርንጭላው ከእኩዮቹ ጋር በመስክ ሲቦርቅ የቆየ፣ ጉልበቱን ያላወቀ፣ ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ነው። ፀሐይ ጠጉሩን እንዳታጠወልገው ቀን ቀን በጋጣ ይውላል፤ ሌሊት ወደ መስክ ይለቀቃል። በየቀኑ ይቦረሻል። ቆሞ መታጠብን፣ ኮቴውን ማስያዝን፣ ወደ መኪና መውጣትን ይማራል። መኖው ይጨመርለታል፤ ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለ መገጣጠሚያውን ይጎዳል፤ ስለዚህ ተማሪው በሚዛን መሥራት አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው ማቆም ነው። ገዢ ሲመጣ ተማሪው ፈረሱን ከጋጣ አውጥቶ አራቱም እግሮች እንዲታዩ አድርጎ ያቆመዋል። ገዢው እጁን ከትከሻው ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያወርዳል፣ ጉልበቱን ይዳብሳል፣ ኮቴውን ያያል፣ ከዚያ «አራምደው» ይላል። ተማሪው በቀጥታ መስመር ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቀጥሎ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ጥሩ ዘር ያለው ፈረስ በአንድ ቀን ይህን ብዙ ጊዜ ይደግማል፤ ከሰዓት በኋላ ይሰለቻል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ገመዱን መንከስ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው የተማሪው ትዕግሥት የሚታየው። አንዲት ልጅ አንገቱን በቀስታ እያሻሸች፣ ድምጿን ሳታሰማ፣ አንድ ግትር ፈረስ እግሩን አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ እንዲመልስ ስታደርግ አይቻለሁ፤ ገዢው ያየው ጨዋ ፈረስ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለውን የሁለት ወር ሥራ አላየም።

ሌሎች ተማሪዎች ካታሎግ ያዘጋጃሉ፣ የፈረሱን የሩጫ ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ የመለያ ቁጥሩን ዳሌው ላይ ይለጥፋሉ፣ በጽሕፈት ቤት የገዢዎችን ወረቀት ይጨርሳሉ። የፈረስ ሥራ በፈረስ ላይ ብቻ እንዳልሆነ የሚማሩት እዚህ ነው።

ጋሼ፣ አንድም ቀን ያልተወዳደረ እንስሳ እንዴት ይመረጣል? ይህ እኮ ዕጣ ማውጣት ነው!

ዕድል አለበት፤ ነገር ግን ያየ ሰው ካላየው ይሻላል። መጀመሪያ የካታሎጉ ገጽ ይነበባል። ከአባቱ ይልቅ የእናቱን ረድፍ ዝቅ ብለህ አንብብ፤ ወንድሞቹና እኅቶቹ ሮጠዋል ወይ? ስንት ዓመት? እናቱ ስምንት ልጅ ወልዳ ሁለቱ ብቻ ከሮጡ፣ የአባቱ ስም ምንም ቢያብረቀርቅ ልብህን ሰብሰብ አድርግ። የልደቱንም ቀን ተመልከት። ለውድድር ሲባል ሁሉም ፈረሶች ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው፤ ስለዚህ በየካቲት የተወለደና በግንቦት መጨረሻ የተወለደ በአንድ መደብ ይሸጣሉ። ብዙ ገዢ ትንሹን ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም፤ የሦስት ወር እድገት ገና ይቀረዋልና።

ከዚያ እግሩ ነው። ሲራመድ ከፊት ቆመህ ኮቴው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጣሉን፣ ከጎን ቆመህ የእርምጃውን ርዝመት እይ። እኔ በበኩሌ ከወረቀቱ ይልቅ ፈታ ብሎ የሚራመደውን አምናለሁ። በመጨረሻም ዓይኑን። ሰው ሲጠጋው በጉጉት የሚመለከት ፈረስ በሥልጠናም ቶሎ ይገባዋል።

ሻጭ ጉድለት ቢደብቅስ?

የኮሌጅ ጨረታ ትልቁ ጥቅም ይህ ላይ ነው የምለው። በጨረታ ፈረስ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው፤ መዶሻው ከወደቀ በኋላ ዕቃው የገዢው ነው። ሆኖም በካታሎጉ መጀመሪያ የሚታተሙት ደንቦች ሻጩ የግድ ማሳወቅ ያለበትን ይዘረዝራሉ፤ ለምሳሌ እንጨት ነክሶ አየር የመዋጥ ልማድ፣ ያልወረደ የዘር ፍሬ፣ የዓይን ችግር። ደንቡን ያላነበበ ገዢ በኋላ ቢጮህ ሰሚ የለውም።

ከሁሉ የሚያከራክረው የመገጣጠሚያ ነገር ነው። በማደግ ላይ ያሉ ስታንዳርድብሬዶች፣ በተለይ ትሮተሮች፣ በኋላ እግራቸው መገጣጠሚያ ላይ የ«ኦሲዲ» ችግር ያበዛሉ፤ የ«ለምለም አጥንት» ቁራጭ ይላቀቃል። ብዙዎቹ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ተወግዶላቸው ያለ ችግር ይወዳደራሉ። ስለዚህ ራጅ አንሥቶ፣ ቀዶ ሕክምናውንም በግልጽ ጽፎ ማቅረብ ዋጋውን ጥቂት ሊቀንሰው ይችላል፤ የሻጩን ስም ግን ያቆየዋል። ተማሪ ገና በሃያ ዓመቱ «ይህ ፈረስ እዚህ ላይ ተሰፍቷል፣ ይመልከቱት» ብሎ ለእንግዳ ሰው በእጁ ሲያሳይ፣ እኔ ከማንኛውም የመማሪያ ክፍል ትምህርት አብልጬ አየዋለሁ። ገዢዎቹ በሚቀጥለው መስከረም ተመልሰው ይመጣሉ፤ የዋሸ ሻጭ ያን ጊዜ የሚያናግረው አያገኝም።

ዋጋቸው ስንት ነው?

እንደ ፈረሱ ነው። በትናንሽ ጨረታዎች ጥቂት ሺህ ዶላር የሚያወጣም፣ አሥር ሺዎች የሚያወጣም አለ። በትልልቆቹ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው፤ በ2019 በኬንታኪ ሌክሲንግተን ማቬሪክ የተባለ የአንድ ዓመት ትሮተር 1.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ገንዘቡ በሙሉ ከቁማር የሚመጣ ከሆነ ለምን ታሞግሰዋለህ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት በውስጡ በሚገኙ ድንጉላዎች ለተወለዱ የሁለትና የሦስት ዓመት ፈረሶች የተለየ የውድድር መርሐ ግብር አለው፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይካሄዳል። ሽልማቱ ከውርርድ ድርሻ ይገኝ ነበር፤ ከ2004 ወዲህ ደግሞ በሩጫ ሜዳዎቹ ከተተከሉት የቪዲዮ ሎተሪ ማሽኖችም ድርሻ ይመጣል። የሞሪስቪልን ፈረስ ሰው የሚገዛው በዚህ መርሐ ግብር ለመወዳደር ነው። እኔ አልወራረድም፤ ኑሮአቸው በዚህ ገንዘብ ላይ የቆመ አርቢዎችም ያሳስቡኛል፤ አንድ ቀን የግዛቱ ምክር ቤት ድርሻውን ቢቀንስ መጀመሪያ የሚዘጋው የትንሹ አርቢ በር ነው። እውነቱ ይህ ነው፤ ሸፍኜ አላቀርበውም።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ዋሽንግተን አካባቢ ነን። አዋጥተን አንድ ብንገዛስ?

ሽርክና በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ግን የመግዣው ዋጋ መጀመሪያው ብቻ ነው። አሠልጣኝ በወር የሚያስከፍለው ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ዶላር ይበልጣል፤ የሐኪሙና የኮቴ ሠራተኛው ለብቻ ነው። ለግዛቱ ውድድር ብቁ ሆኖ ለመቆየት በየጊዜው የሚከፈል መዋጮ አለ፤ አንዱ ቀን ካመለጣችሁ ፈረሱ ከዝርዝሩ ይወጣል። በመስከረም የተገዛ ፈረስ ቢፈጥን የሚወዳደረው በሚቀጥለው በጋ ነው፤ ጨርሶ የማይወዳደርም ብዙ ነው። ብታጡት ቤታችሁን የማይነካ ገንዘብ ካላችሁ ግቡ፤ ከሌላችሁ ግን እባካችሁ ተዉት። ከገባችሁም ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚሸጥ ይጻፍ።

ስሙን መቀየር ይቻላል? «አባ ታጠቅ» ለማለት አስቤ ነው።

ከመወዳደሩ በፊት ከሆነ፣ የዝርያውን መዝገብ ለሚይዘው ለዩናይትድ ስቴትስ ትሮቲንግ ማኅበር አመልክታችሁ ክፍያ ከፍላችሁ ይቻላል።

ውድድር ሲያበቃስ? እውነቱን ንገሩን።

ስታንዳርድብሬድ በአሜሪካ ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ መወዳደር አይፈቀድለትም። ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሸነፈው ፎይልድ አጌን እስከ 2018 መጨረሻ፣ እስከ ዕድሜ ገደቡ ድረስ ሮጧል። አብዛኞቹ ግን ገና በልጅነታቸው ይወጣሉ። ጠባያቸው የተረጋጋ፣ ሰረገላ የለመዱ ስለሆኑ በእምነታቸው ምክንያት በመኪና ፈንታ በጋሪ የሚጓዙት የአሚሽ ማኅበረሰብ ገበሬዎች ለጋሪ ይገዟቸዋል፤ ለመጋለቢያ የሚሆኑም ብዙ ናቸው። የከፋውም አለ። በአሜሪካ ከ2007 ወዲህ የፈረስ ቄራ አይሠራም፤ ሆኖም ፈረሶች ወደ ካናዳና ሜክሲኮ እየተጫኑ ይታረዱ ነበር፤ በርካሽ ጨረታዎች እጅ በእጅ ሲዟዟሩ መጨረሻቸው እዚያ ይሆናል። ስለዚህ ፈረስ የምትገዙ፣ የመውጫውን ቀን ዛሬውኑ አስቡ። መለያው በአንገቱ ላይ በቅዝቃዜ የታተመ ወይም በማይክሮቺፕ የተቀመጠ ስለሆነ ከዓመታት በኋላም ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የቀድሞ ባለቤቱ ስልክ ተደውሎለት የመለሰው ፈረስ አውቃለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢጀመርስ?

ዝርያውን ከዚህ መውሰድ አልመክርም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው፤ ያልለመደውን ፈረስ ይፈጃል፤ በዚህም ምክንያት የፈረስ ወጪ ንግዱ በጥብቅ ደንብ የታጠረ ነው። ነገር ግን ተማሪ ውርንጭላ አሳድጎ፣ ገርቶ፣ ጤናውን መዝግቦ ለባለጋሪ በግልጽ ጨረታ ቢሸጥ ምን ይከለክላል? ከዚያ ሥርዓት መወሰድ ያለበት የጤና መዝገቡና የጉድለት ማስታወቂያው ነው።

መግዛት ሳልፈልግ መጥቼ ማየት እችላለሁ?

ጨረታ ለሁሉም ክፍት ነው። ከሽያጩ በፊት ባለው ቀን ወይም በዕለቱ በጠዋት ኑ፤ ካታሎግ ውሰዱ፣ ተማሪዎቹን «አንድ ፈረስ አውጡልን» በሏቸው፤ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። ከፈረሱ በስተኋላ አትቁሙ፣ ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ። ጨረታው ከተጀመረ በኋላ ግን በወንበራችሁ ላይ እጃችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡ፤ ዋጋ ተቀባዮቹ ዓይናቸው ፈጣን ነው።