ጫካው የእነሱ፣ ከብቱ የእኔ፣ እሳቱስ የማን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 14 ከብትና ወደ 40 የሚጠጉ በጎች አሉኝ። ቤቴም በረቴም ያሉት ዳገቱ አናት ላይ ነው። ከሥሬ የመንግሥት ደን አለ፤ በደኑና በእኔ መሐል ደግሞ ማንም የማያጭደው ሣር። ባለፈው ደረቅ ወቅት ከታች የተነሳ ሰደድ እሳት አጥሬንና የድርቆሽ ክምሬን በላው፣ አንዲት ጊደርም አጣሁ። ዘንድሮ ቀድሜ ልዘጋጅ ብዬ መስተዳድሩ ጋ ሄድኩ፤ "ደኑ የእኛ አይደለም፣ የደን መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ" አሉኝ። እዚያ ስሄድ "እሳት የእሳት አደጋዎች ሥራ ነው" ተባልኩ። እሳት አደጋዎቹ ደግሞ "ሲነድ ደውልልን" አሉኝ። ምን ላድርግ? በረቱን ላንሳ ወይስ ከብቱን ልሽጥ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከብቱን አይሽጡ። በረቱንም ገና አያንሱት።

"ሲነድ ደውልልን" የምትለዋን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይቺ ናት። ግን ሦስቱም ቢሮዎች የዋሹዎት አይመስለኝም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ነው የነገረዎት። የጠፋው ሦስቱን ድርሻ አንድ ላይ የሚሰፋው ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ከድርቆሹም ከአጥሩም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ግን የግቢዎን ጉዳይ ቶሎ ልጨርስ።

ዳገት አናት ላይ መሆንዎ ትልቁ ጣጣ ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል። እሳቱ ሲደርስ ሣሩ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። በግርድፉ ሲሰላ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በቆመ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጉልበትዎን በቤቱ ዙሪያ እኩል አይበትኑት፤ አብዛኛውን ከታች በኩል ያፍስሱት።

ብዙ ሰው ቤት የሚያቃጥለው ያ የሚያስፈራው ነበልባል ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ንፋስ ይዞት የሚመጣው ፍም ነው። ከዋናው እሳት ኪሎ ሜትር አልፎ ሊወድቅ ይችላል። የወደቀበት ቦታ ጣሪያ ሥር የተጠራቀመ ቅጠል ወይም በረቱ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ገለባ ከሆነ አለቀ። ከግድግዳው እስከ 1 ሜትር ተኩል ድረስ የሚነድ ነገር እንዳይኖር፤ ባዶ አፈር ወይም ጠጠር ይሁን። ከዚያ እስከ 30 ሜትር ሣሩ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፣ እሳት እንዳይንጠላጠልባቸውም የዛፎቹ የታችኛው ቅርንጫፍ ይቆረጥ። በቁልቁለቱ በኩል 30 ሜትር ትንሽ ነው፤ አቅም ካለ ይጨምሩበት።

አርሰው አፈር የሚያወጡት መስመር ጥሩ ነው፣ ግን ሽቅብና ቁልቁል እንዳይሄድ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ጎርፍ ይሠራበታል። በአግድም ይሂድ። ደግሞ መስመሩ ንፋስ የያዘውን እሳት ብቻውን ያቆማል ብለው አይተኙ፤ ፍም ይዘለዋል። ጥቅሙ እሳቱን ያዳክመዋል፣ ለሰው መቆሚያ ለመኪና መግቢያ ይሆናል።

ድርቆሹን አንድ ቦታ አይከምሩት። ሁለት ክምር ያድርጉት፣ ሁለቱንም ከበረቱ አርቀው። ሌላም ነገር አለ፤ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ማንም ሳይለኩሰው ከውስጡ ይሞቃልና በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አይርሱት። ረጅም ብረት ወደ ክምሩ እምብርት ይውጉና ጥቂት ቆይተው ያውጡት። በእጅዎ ጨብጠው መያዝ ካቃተዎት አደጋ አለ ማለት ነው። ቴርሞሜትር ካለዎት 65 ዲግሪ ላይ በየቀኑ ይለኩ፣ 80 ላይ ከደረሰ ክምሩን ሳይነኩ እሳት አደጋ ይጥሩ። ልበትነው ብለው ቢከፍቱት አየር ያገኝና እዚያው ፊትዎ ላይ ቦግ ሊል ይችላል።

እሺ፣ ግቢው ይሄ ነው። ይህን ሁሉ አሳምረው ቢሠሩም ከአጥርዎ ወዲያ ያለው ሣር የደረት ቁመት ካለው ግማሽ ሥራ ነው የሠሩት። እዚያ ላይ እጅዎ አይደርስም። የሚደርሰው የቢሮዎቹ እጅ ነው፣ እነሱ ደግሞ ኳስ እየተቀባበሉ ነው።

ይሄ የእርስዎ ሰፈር በሽታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ 13 ቀን የቆየ የሰደድ እሳት ተነስቶ 16 ሰው ሞተ፣ ከ700 በላይ ሕንፃ ነደደ። ሰውም መኪናም ሞልቶ ነበር። ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡት ቡድኖች ግን ራዲዮናቸው አይገናኝም፣ አንዱ በአንድ ስም የሚጠራውን መሣሪያ ሌላው በሌላ ስም ነው የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚታዘዘው ለየራሱ አለቃ ነው። ዛሬ ብዙ አገሮች የሚሠሩበት የአደጋ ጊዜ የዕዝ አሠራር የተወለደው ከዚያ ውድቀት ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከየትም ቢሮ ይምጡ፣ እሳቱ ዘንድ ሲደርሱ አዛዡ ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቃል፣ ሁሉም በአንድ ቋንቋ ያወራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግሪክ ውስጥ ማቲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ 104 ሰው ሲያልቅ ደግሞ ነዋሪው በጊዜ "ውጡ" የሚለው አላገኘም። የተጣበቡት መንገዶች ተዘጉ፣ ባሕሩ አጠገባቸው እያለ መውረጃ ያጡ ነበሩ።

እኔ ራሴ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ወፍራም ዕቅድ ጻፍን። ሽፋኑ ላስቲክ ነበር፣ ፎቶም ነበረው፣ አጨብጭበን ተለያየን። እሳቱ ሲመጣ ዕቅዱ ላይ ያለውን ስልክ ደወልን። ያነሳው ሰውዬ ከቦታው ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። "እኔ እኮ አሁን ግዥ ክፍል ነኝ" አለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንድ ገጽ የበለጠ ዕቅድ አላምንም።

ስለዚህ ወደ ሦስቱ ቢሮዎች ሲመለሱ "እርዱኝ" ብለው አይሂዱ። "እርዱኝ" ካሉ ወደ ሌላ ቢሮ መሸኘት ይቀላቸዋል። አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፣ ለሦስቱም ያው ደብዳቤ ይድረስ፣ ለሦስቱም መላኩ እላዩ ላይ ይታይ። ጎረቤቶችዎም ይፈርሙበት፤ የአንድ ሰው አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ የ20 ሰው ፊርማ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሣሩ ሳይደርቅ በፊት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እኔ በር ላይ ተገናኝተን ቦታውን በእግር እንዙረው።

ስብሰባ አይበሉት። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ይቻላል፣ መንገዱም ሰፊ ነው፣ ውሃውም ቅርብ ነው። በእግር ሲኬድ ነው ጉዱ የሚወጣው። የእሳት አደጋ መኪናውን የሚነዳው ሰው ራሱ ይምጣ፣ አለቃው ብቻ አይበቃም። "ይህቺን ድልድይ ሙሉ ውሃ ይዤ አላልፍባትም" የሚለው እሱ ነው። ደኑ በር ላይ ቁልፍ ካለ፣ ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እዚያው ይጠየቅ። ትራፊክ ፖሊስ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የመብራትና የውሃ ሰዎችም ቢመጡ መልካም ነው። መብራት ከጠፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቁራጭ ብረት ነው፤ ይሄን አብዛኛው ገበሬ የሚያውቀው እሳቱ ቀን ነው።

የውሃ ታንከርዎን መውጫ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪናው ላይ ካለው የውሃ ጎማ ጋር እዚያው ያጋጥሙት። ትንሽ ነገር መስሎዎት አይለፉት። እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ 25 ሰው በሞተበት እሳት፣ ከሌላ ከተማ ለእርዳታ የመጡት እሳት አደጋዎች የውሃ ጎማቸው ከከተማዋ የውሃ መውጫ ጋር አልገጥም ብሎ መገናኛ ፍለጋ ተቸግረዋል።

ዙረቱ ሲያልቅ አንድ ገጽ ላይ የሚጻፈው የሥራ ክፍፍል ነው። "ውጡ" ብሎ የሚያዘው ማን ነው? እሱ ባይኖርስ? ከብቱ የሚሄደው የት ነው፣ በየትኛው መንገድ፣ ያ ሜዳስ ውሃ አለው? መኪና የሌላቸውን አዛውንቶች የሚያወጣው ማን? በደኑና በእርስዎ መሐል ያለውን ሣር የሚያሳጭደው ማን ነው፣ እስከ መቼ? ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ይጻፍ፣ ስልኩም በየዓመቱ ይታደስ። ያ የግዥ ክፍሉ ሰውዬ ትዝ ይበልዎት።

አሁን እርስዎ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡት ነገር አለዎት፣ እሱም በጎችዎ ናቸው። ቢሮዎቹ ሣሩን ለማሳጨድ በጀት የለንም ማለታቸው አይቀርም። እርስዎ ደግሞ ግጦሽ ይፈልጋሉ። በስፔን አንዳሉሲያ መንግሥት የእሳት መከላከያ መስመሮቹን መንጋ አስገብተው ለሚያስግጡ እረኞች ይከፍላቸዋል። እርስዎ ክፍያው ቢቀር ፈቃዱን ይጠይቁ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ የት ድረስ እንደሚገቡና መቼ እንደሚወጡ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ነገ ደን አወደመ ይባላሉ። ጊዜው ወሳኝ ነው። ሣሩ ገና ለምለም ሳለ ይግቡ፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ በጎቹ ይረግጡታል እንጂ ደህና አይበሉትም። ጨው የሚልሱበትንና ውሃቸውን መስመሩ ላይ ያድርጉላቸው፣ ራሳቸው እየተመላለሱ ይላጩታል። ቁጥቋጦ ከበዛ ግን በግ አይሆንዎትም፣ ፍየል ያለው ጎረቤት ይፈልጉ።

ገለባውን ራሴ ቀድሜ ላቃጥለው የሚል ሐሳብ ካለ፣ እባክዎ ይተዉት። እሳት አደጋ ሳያውቅና ሳይገኝ አይሆንም። በንፋሳማ ቀንም ኮምባይነር፣ ብየዳና ሞተር መጋዝ ይረፍ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ፣ ንፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ30 በመቶ ከወረደ፣ ያን ቀን ከደረቅ ሣር አጠገብ ብረት ከብረት አያጋጩ።

እሳቱ የመጣ ቀን ምን ይሁን? ቀድሞ መውጣት። እ.ኤ.አ. በ2017 ፖርቱጋል ውስጥ ፔድሮጋኦ ግራንዴ አካባቢ ከሞቱት 66 ሰዎች 47ቱ የሞቱት መንገድ ላይ ነው፣ አብዛኞቹ በመኪና ሲሸሹ። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ በየመንደሩ ከነዋሪው መሐል አንድ የደኅንነት ተጠሪ መምረጥ፣ መሸሸጊያ ቦታ መለየትና የመውጣት ልምምድ ማድረግ ጀመረች። እናንተም ሰፈር ይሄ ተጠሪ ቢኖር ጥሩ ነው። ግድ እርስዎ ይሁኑ አልልም፣ ግን ደብዳቤውን የጻፈ ሰው ማምለጫ የለውም።

ከብት መጫን ሰዓት ይፈጃልና ጭሱን ሲያዩ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ሲሰሙ ይጀምሩ። ማውጣት ካልቻሉ በረት ውስጥ አይቆልፉባቸው። ወደታረሰው ወይም ሣሩ ተግጦ ወዳለቀው ሜዳ ይልቀቁና በረቱን ከኋላቸው ይዝጉት፤ የደነገጠ እንስሳ ወደሚያውቀው ቤት ተመልሶ ይገባል። የናይለን ገመድ ከአንገታቸውና ከፊታቸው ያውልቁ፣ ይቀልጥና ቆዳቸው ላይ ይጣበቃል። ስልክዎን ጎናቸው ላይ በቀለም ይጻፉት። ለእነሱ ብለው ግን እርስዎ አይቅሩ።

የተረፉትን በማግስቱ አይተው ደህና ናቸው ብለው አይተዉአቸው። የሰኮና ቃጠሎ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ዛሬ የምትሄደው ላም በሳምንቱ ልታነክስ ትችላለች። ጡታቸውንም ይዩ፣ የተቃጠለ ጡት ያላት ላም ጥጃዋን አታስጠባም። ጭስ የጠጡትን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ረጅም መንገድ አይንዷቸው፣ ሥራም አያሠሩአቸው። ሐኪሙ ዙረቱ ላይ ተገኝቶ ከነበረ መንገዱን ያውቀዋል፣ ስልኩም ገጹ ላይ አለ።

ደብዳቤውን ሲጽፉ ረቂቁን ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እስከዚያው ያን ብረት ዛሬ ማታ ክምሩ ውስጥ ይውጉት፣ የታንከርዎንም መውጫ በማስመሪያ ለክተው ስንት ሆነ ብለው ይጻፉልኝ።