«የማውጣት ቅልጥፍና» ወይስ «የማውጣት ብቃት»?

ጥያቄ፦ የባዮፕሮሰስ ተማሪ ነኝ። ፔኒሲሊንን ከተብላላው ፈሳሽ በቡቲል አሲቴት ስናወጣ ስንት በመቶው እንደወጣ እናሰላለን። ውጤቱን በአማርኛ ስጽፍ «የማውጣት ቅልጥፍና» ልበል ወይስ «የማውጣት ብቃት»?

መልስ፦ «ብቃት» ይበሉ።

«ማውጣት» ላይ ክርክር የለኝም። ግእዙ አውጽአ ነው፤ «ጸ» ወደ «ጠ» ዞሮ አወጣ ሆነ። ኦሪት ዘጸአትም የዚሁ የወጽአ ዘር ነው። ችግሩ «ቅልጥፍና» ላይ ነው። ቀለጠፈ ማለት ፈጠነ፣ ሳይንቀራፈፍ ሠራ ማለት ነው። ቀልጣፋ አስተናጋጅ የምንለው ያዘዝነውን ቶሎ የሚያመጣውን ነው።

የእርስዎ ስሌት ግን ሰዓት አይጠይቅም። 100 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 25 ሊትር ቡቲል አሲቴት ገባ እንበል። የፔኒሲሊኑ ክምችት በአሟሚው (በቡቲል አሲቴቱ) ውስጥ በውሃው (በተብላላው ፈሳሽ) ካለው 12 እጥፍ ይሁን። 12 በ25 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 3 ይመጣል፤ ውሃው ውስጥ አንድ እጅ ሲቀር አሟሚው ውስጥ ሦስት እጅ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ከአራት እጅ ሦስቱ፣ 75 በመቶው ይወጣል። አሁን ያንኑ 25 ሊትር ለሁለት ይክፈሉትና በ12.5 ሊትር ሁለት ጊዜ ያውጡ። አሁን 12 በ12.5 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 1.5 ስለሚሆን፣ በየዙሩ ውሃው ውስጥ ካለው ከ2.5 እጅ አንዱ፣ 40 በመቶው ይቀራል። ከሁለት ዙር በኋላ የቀረው 16 በመቶ፣ የወጣው 84 በመቶ ነው። ሥራው ግን ረዘመ። ሥራው እየረዘመ «ቅልጥፍናው ጨመረ» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል።

«ቅልጥፍና ሳያባክኑ መሥራትም ነው፤ ደግሞ ለማውጣት ፈሳሹ አሲዳም ይደረጋል፤ ፔኒሲሊን አሲድ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ፍጥነቱም ይቆጠራል» የሚሉ አሉ። መፍረሱ እውነት ነው። ፋብሪካዎች በሚሽከረከር መለያ ማሽን የሚጣደፉትም ለዚሁ ነው። ግን ያ ሌላ ልኬት ነው፤ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ አንድም ደቂቃ የለም።

«ብቃት» ከበቃ ይመጣል። ግእዙ በቍዐ ነው፤ ጠቀመ፣ ረባ ማለት ነው፤ በቍዔትም ጥቅም ነው። «የበቁ አባት» ስንልም ከደረጃው የደረሱ ማለታችን ነው። አሟሚው ምን ያህል ረባ፣ እስከ የት ደረሰ የሚለውን ይህ ቃል ይሸከመዋል። «ብቃት የሰው ችሎታ ነው» የሚለው መቃወሚያ ቀላል አይደለም፤ «የሙያ ብቃት» የሚለው አነጋገርም ያግዘዋል። ለእኔ ግን ያም ሆኖ የሚጥመኝ እሱ ነው።

«ቅልጥፍና» ከቢሮ ሪፖርት ተነሥቶ ሞተርና ማሽን ላይ ደርሷል። ቅር እያለኝም ቢሆን፣ አሁን የሚመለስ አይመስለኝም። መምህርዎ እሱን ካሉ ይጻፉት፤ ከሥሩ ግን የሚለካው የወጣው ድርሻ እንጂ የፈጀው ጊዜ እንዳልሆነ አንድ መስመር ይጨምሩ።