«ካልገረፍነው እንዴት ይታረማል?»
የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ልጆችን ስለ መቅጣት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን አውጥተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለኝ። ወንዱ ልጄ ከቦርሳዬ ገንዘብ እየወሰደ ጌም ቤት ያጠፋል፤ ሲጠየቅም ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። አባቱ በቀበቶ ገርፎታል፤ ባለፈው ወር ደግሞ አብረውን የሚኖሩት አማቴ በበርበሬ አጠኑት። ስቃወም «እኛም ታጥነን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን? መጽሐፉስ ልጅህን በበትር ቅጣ አይልም?» ይሉኛል፤ ባለቤቴም የማበላሸው እኔ እንደሆንኩ ይናገራል። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሌሊት አልጋው ላይ መሽናት ጀምሯል፤ እህቱንም ይመታል። እነሱ ናቸው ትክክል ወይስ እኔ?
— አንዲት እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ በበርበሬ ማጠኑ ተከራክረን እስክንግባባ ድረስ ሊቆይ የሚችል ነገር ስላልሆነ ከእርሱ ልጀምር። የበርበሬ ጭስ ዓይንንና ጉሮሮን ከማቃጠል አልፎ የአየር ቧንቧ እንዲጠብ ያደርጋል፤ አስም ያለበት ልጅ፣ አስሙ እስከዚያ ቀን ያልታወቀለት እንኳ ቢሆን፣ ትንፋሽ አጥሮት ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ራሱን በነጠላ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍነው ሲያጥኑት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ቀበቶም ቢሆን የት እንደሚያርፍ ገራፊው ራሱ አያውቅም፤ ልጁ ሲወራጭ ዘለበቱ ዓይኑን ሊያገኘው ይችላል። ቀላል የሚመስለው ጥፊም ጆሮ ላይ ሲያርፍ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ዛሬውኑ ማስቆምዎ ልጁን ማበላሸት አይደለም።

የአማትዎን «ምን ሆንን?» ግን በንቀት አልመልሰውም። ብዙዎቻችን ተቆንጥጠንና በአርጩሜ ተገርፈን አድገናል፤ ወላጆቻችንም ይህን ያደረጉት ስለጠሉን አልነበረም። ችግሩ ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የሚያነሡትም የሚመልሱትም ከነቁስላቸው ቆመው ለመሄድ የቻሉት ብቻ መሆናቸው ነው፤ ዱላ ሸሽተው ከቤት የጠፉትን፣ ትምህርት ጠልተው የቀሩትን፣ ዛሬም ከአባታቸው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ የሚከብዳቸውን ማንም ጠርቶ አይጠይቅም። ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮገን ኬይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ የ50 ዓመታት ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚመለከት መረጃ መርምረዋል፤ የተመለከቱትም እንደ ቀበቶ ያለውን ከባድ ቅጣት ሳይሆን መቀመጫን በእጅ መምታትን ነበር። መመታት ከጠበኝነት፣ ከእምቢተኝነትና ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ተያይዞ ተገኘ እንጂ ልጆችን ይበልጥ ታዛዥ ስለ ማድረጉ ማስረጃ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ጥናት መንስኤውን ከውጤቱ ለይቶ ለማረጋገጥ እንደሚቸገር አውቃለሁ፤ ሆኖም ዱላን የሚደግፍ ሰው ቢያንስ ጥቅሙን ማሳየት ይጠበቅበታል።

በእርስዎ ቤት የሆነውንም ይመልከቱት። እውነቱን መናገር በሚያስገርፍበት ቤት ውስጥ ውሸት ለልጅ መሸሸጊያ ነው፤ እህቱን መምታቱም ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን እንደሚመታ ከትልልቆቹ ያየውን መድገሙ ነው። ሌሊት መሽናቱ የፍርሃትና የጭንቀት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታም እንዲህ ስለሚያደርጉ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩት። በዚህ ምክንያት ማንም እንዳይቆጣው፣ በእህቱና በጎረቤት ፊትም እንዳያሳፍረው።

ገንዘቡን መውሰዱ ግን በዝምታ መታለፍ የለበትም። በመጀመሪያ ተረጋግተው ለምን እንደሚወስድ ይጠይቁት፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ገንዘብ የሚሰርቀው አንዳንዴ ትልልቅ ልጆች አምጣ እያሉ ስለሚያስፈራሩት ነውና ይህን ሳያጣሩ አይፍረዱ። ከዚያ የወሰደውን እንዲመልስ ያድርጉ፤ የኪስ ገንዘብ ካለው ከዚያው እየተቀነሰ፣ ከሌለው ደግሞ ለአቅሙ የሚመጥን የቤት ሥራ እየሠራ ሊከፍል ይችላል። ጌም ቤት መሄዱም ለተወሰነ ጊዜ ይከልከል፤ ቀኑ ሳይደርስ በልቅሶው ተሸንፈው አይፍቀዱለት፣ ቀኑ ካለፈ በኋላም ጥፋቱን እየደጋገሙ አያንሡበት። እውነቱን ራሱ ከተናገረ ቅጣቱ እንደሚቀልለት አስቀድመው ይንገሩት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። ቅጣት ማለት ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የታወቀ፣ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ፣ ንዴት ከበረደ በኋላ የሚሰጥ። የገንዘብ ቦርሳዎንም ከልጁ ዓይን ያርቁት።

ባለቤትዎን ልጁ በሌለበትና ጠብ ባልነበረበት ቀን ያነጋግሯቸው። ጨካኝ ነህ ብለው ከጀመሩ ወሬው እዚያው ይቋረጣል፤ ይልቁንም የተናደደው ወላጅ ጉዳዩን ለሌላው ትቶ ከክፍሉ እንዲወጣ ተስማሙ፤ ይህ ስምምነት እርስዎንም ይመለከታል። ቀበቶ ከተነሣ ግን ገመናችን በልጅ ፊት አይውጣ ብለው አይጠብቁ፤ ልጁን ይዘው ይውጡ። በእርስዎም ላይ እጅ የሚነሣ ከሆነ ጉዳዩ ከምክር በላይ ነውና ለሚያምኑት ዘመድና ለፖሊስ ያሳውቁ። አማትዎን በተመለከተ፣ ሥልጣናቸውን ከመንጠቅ ሌላ ሥልጣን መስጠት ይሻላል፤ ልጁ የወሰደውን በእርሳቸው ፊት ይመልስ፣ ምክሩንም እርሳቸው ይስጡት። በትርን ለሚጠቅሱት ቃል ደግሞ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ፣ በምክርና በተግሣጽ እንዲያሳድጉ የሚያዘው የኤፌሶን መልእክት እንዳለ ያስታውሷቸው፤ ከእርስዎ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ሳይሻል አይቀርም።

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የቤት ሥራ ባልሠራችበት ቀን መምህሩ መዳፏን በፕላስቲክ ቱቦ መታት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለች ታለቅሳለች። የሚያሳፍረኝ በመስከረም ወር መምህሩን «ካጠፋች ቅጣልኝ» ያልኩት እኔው ራሴ መሆኔ ነው። አሁን ምን መብት አለኝ?
— አንድ አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሙሉ መብት አለዎት፤ ምክንያቱም እርስዎ የሰጡት ፈቃድ ሊሰጥ የማይችል ፈቃድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህ የልጅዎ መብት ስለሆነ ወላጅ «ፈቅጃለሁ» በማለቱ አይቀርም።

በቤት ውስጥ ያለው ሕግ ግን ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ፣ የሚደበድብ ወይም ከአቅሙ በላይ የሚያሠራ አሳዳጊ እንደሚቀጣ ከደነገገ በኋላ፣ ለተገቢ አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይቃረን የሚወሰድ የማረሚያ እርምጃ አያስቀጣም ይላል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 258 ለአሳዳሪ፣ ማለትም ልጁን የማሳደግ ሕጋዊ ኃላፊነት ላለበት ሰው፣ አስፈላጊውን የማረሚያ እርምጃ የመውሰድ ሥልጣን ይሰጣል። ተገቢው እርምጃ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው ታዲያ ብዙ ጊዜ የተናደደው ሰው ራሱ ይሆናል። በእኔ እምነት ይህ በር መዘጋት አለበት። በአህጉራችን የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ወላጆች «ልከኛ ቅጣት ነው» እያሉ የሚከላከሉበትን መከራከሪያ ውድቅ አድርጎታል።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። መምህሩን ለብቻው ያግኙት፤ በመስከረም የሰጡትን ፈቃድ እንደሻሩ ይንገሩት፤ የቤት ሥራ ሳትሠራ በቀረች ቁጥር በደብተሯ ላይ ጽፎ እንዲያሳውቅዎት ይስማሙ። ብዙ መምህራን የሚመቱት በአንድ ክፍል ውስጥ የታጨቁትን ተማሪዎች የሚይዙበት ሌላ ዘዴ ስላልተማሩ ነውና በክስ አይጀምሩ። ካልተሻሻለ ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ከዚያም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ሌሎች ወላጆች አብረው ቢፈርሙ ልጅዎ ብቻዋን ጥርስ ውስጥ አትገባም። የሆድ ሕመሟንም ማስመሰል ነው አይበሉ። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት፣ ልጆች ትምህርት ቤትን የሚጠሉበት ዋነኛ ምክንያት የመምህራን ዱላን ጨምሮ እዚያ የሚደርስባቸው ጥቃት መሆኑን አሳይቷል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ስልክ አልሰጥም ብላ ስትመልስልኝ በጥፊ መታኋት፤ ፊቷ ላይ ምልክት ስለቀረ ትምህርት ቤቱ ሪፖርት አደረገና የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ቤታችን መጣች። አሁን ልጅቷ በተቆጣናት ቁጥር «911 እደውላለሁ» ትላለች፤ ባለቤቴም «አገር ቤት እልክሻለሁ» ትላታለች። በገዛ ልጃችን ላይ ሥልጣን የለንም ማለት ነው?
— አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሥልጣን አለዎት፤ በዚያ አገር የሌለዎት ምልክት የማስቀረት ሥልጣን ነው። ትምህርት ቤቱ በክፋት ያደረገው እንዳይመስልዎት፤ መምህራን፣ ሐኪሞችና ፖሊሶች ጥርጣሬ ካደረባቸው ማስረጃ ሳይጠብቁ እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የሠራተኛዋም ጉብኝት በራሱ ልጅ መንጠቅ አይደለም። በትሕትና ያነጋግሯት፤ የተፈጠረውን ሳይሸፍኑ ይናገሩ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ይህን የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅቷን ራሷን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ ጠበቃ ማማከርም መብትዎ ነው።

«አገር ቤት እልክሻለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ይቁም። ልጅቷ እናትና አባቷ የሚወዱትን አገር እንደ እስር ቤት እንድትቆጥር ያደርጋታል፤ የምትመካበትን ቤትም ከእግሯ ሥር ይነጥቃታል። የስልኩ ጉዳይ በስልክ ይፈታ፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ሳሎን እንደሚቀመጥ፣ ይህን ካፈረሰች ለስንት ቀን እንደሚወሰድባት ሦስታችሁም ተስማምታችሁ ጻፉት። «911» ስትል ደግሞ አትፍሯት፣ አትሳደቡም፤ «አደጋ ላይ ከሆንሽ መደወል መብትሽ ነው፤ ስልኩ ግን እስከ ነገ አይመለስም» ብሎ መመለስ ይበቃል። በእስራኤል፣ በጀርመንና በስዊድን ለምትኖሩ አንባብያን ደግሞ ነገሩ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ከዓለም ቀድማ፣ ጀርመንና እስራኤል በ2000፣ ልጅን በቤት ውስጥ መምታትን ፈጽሞ ከልክለዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከጎናችን ያሉ ሰዎች የዘመድ ልጅ ነች ብለው ከገጠር ያመጧት፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። ልብስ የምታጥበውም ልጅ የምታዝለውም እሷ ናት፤ ትምህርት አትሄድም። ማታ ማታ ስትመታ እንሰማለን፤ አንድ ቀንም ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አይቻለሁ። ባለቤቴ «በሰው ቤት አትግቢ» ይለኛል።
— አንዲት ጎረቤት

መልስ፦ ይግቡ፤ ግን በጥንቃቄ ይግቡ። ከላይ የጠቀስኩት አንቀጽ 576 የሚናገረው ስለ ወላጅ ብቻ አይደለም፤ ልጅን በኃላፊነት የያዘ ማንኛውም ሰው ቢደበድባት ወይም ከአቅሟ በላይ ቢያሠራት ይጠየቃል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው። «የዘመድ ልጅ ነች» ማለትም ከዚህ አያድንም።

አሠሪዎቿን በር ላይ ቆመው አይገሥጹ፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ዱላው የሚያርፈው በእሷ ላይ ነውና። ብቻዋን ስታገኟት የሚያሳፍራት ጥያቄ ሳትጠይቁ ስሟን፣ አገሯን፣ የወላጆቿን መገኛ ይወቁ፤ እንደማትቆጧት ይንገሯት፤ «ማንም አያውቅም» የሚል ቃል ግን አይግቡላት። የሰሙበትንና ያዩበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ። ከዚያ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሕፃናትን የሚመለከተውን መርማሪ ጠይቁ፤ ስምዎ እንዳይገለጽ የሚፈልጉ ከሆነ ገና ሲጀምሩ ይናገሩ። ድብደባው እየተፈጸመ ሳለ ከሰሙ እስከ ጠዋት ሳይጠብቁ ለፖሊስ በ991 ይደውሉ። ሕክምና የሚያስፈልጋት ከሆነ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ አቀናጅቶ የሚቀበል ማዕከል አለ።

ልጅቷን ራስዎ አሳፍረው ወደ አገሯ ለመላክ ግን አይሞክሩ። መነኻሪያ ላይ ብቻዋን የቀረች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከነበረችበት የባሰ እጅ ላይ ልትወድቅ ትችላለች፤ ወደ ቤተሰቧ የምትመለሰው ወላጆቿ ተጠይቀው፣ የሚቀበላት ሰውና የምትማርበት ትምህርት ቤት ከታወቀ በኋላ መሆን አለበት፤ ይህንንም ማጣራት የጽሕፈት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራ ነው።