የወር አበባ ሲመጣ ትከሻን የሚወጋ ሕመም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው፤ አላገባሁም። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ቀኝ ትከሻዬንና ጎኔን ይወጋኛል፤ ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ትንፋሽ ያጥረኛል። የሆድ ቁርጠቱን ለዓመታት ዳይክሎፌናክ በሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው ያሳለፍኩት። ለሳንባ ነቀርሳ ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ። እናቴ «ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ወር ጠብቆ የሚመጣና የሚሄድ ሕመም የካንሰር ጠባይ አይደለም። የገለጹት ሁኔታ ይበልጥ የሚመስለው ኢንዶሜትሪዮሲስን ነው፤ ይኸውም የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ በየወሩ ሲቆጣና ሲደማ የሚከሰት ሕመም ነው። ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ ላይ ሲበቅል፣ የጡንቻው ነርቭ ከአንገት ስለሚነሳ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀኝ በኩል ነው።

የትንፋሽ ማጠሩን ግን በቀላሉ አላየውም። ይህ ሕመም ደረት ውስጥ ካለ፣ የወር አበባ በመጣ በ72 ሰዓት ውስጥ በሳንባ ዙሪያ አየር ተጠራቅሞ ሳንባውን ሊጫነው ይችላል። አንዲት ታካሚዬ በወሩ አጋማሽ የተነሳችው ራጅ ንጹሕ ነበር፤ የወር አበባዋ በመጣ በሁለተኛው ቀን የተነሳችው ግን በቀኝ ሳንባዋ ጫፍ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ አየር አሳየ። ስለዚህ ድንገት ወግቶዎት ትንፋሽ ካጠረዎ «ነገ ይሻለኛል» ብለው ሳያድሩ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የወር አበባ ላይ መሆንዎንም ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ካልነገሩ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ላይኖር ይችላል።

ለዓመታት ዳይክሎፌናክ መዋጥዎን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ሕመሙን ያደበዝዛል እንጂ የበቀለውን አያቆምም፤ ምርመራውንም አዘግይቶብዎት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያማክሩ አይቀጥሉበት።

እናትዎ የሚሉትን በፍቅር እንደሚሉት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ይህ አባባል በብዙ ሴቶች ላይ ዓመታትን አባክኗል። እርግዝና የወር አበባን ስለሚያቋርጥ አንዳንዶች ለጊዜው ይሻላቸዋል፤ የወር አበባ ሲመለስ ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመለሳል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ፣ ሕመሙ ራሱ መፀነስን ሊያስቸግር እየቻለ ልጅ መውለድ እንደ መድኃኒት መታዘዙ ነው። በጊዜ የታከሙ ብዙ ሴቶች ግን ይወልዳሉና ተስፋ አይቁረጡ።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው የወር አበባን በሚያቆም የሆርሞን እንክብል ነው። አየሩ ከተመላለሰ የማሕፀንና የደረት ቀዶ ሐኪሞች በጋራ በካሜራ ያዩታል። አልትራሳውንድዎ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። የማሕፀን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የወር አበባዎ የመጣበትን ቀን፣ የወጋዎትን ቦታና ትንፋሽዎ ያጠረበትን ሰዓት በደብተር ጽፈው ይያዙ፤ የደረት ራጁንም የወር አበባዎ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይነሱ።