የላንድሮቨሩን ዳሽቦርድ ፈታሁት፤ ትምህርቴን ልተው?

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጎቴ ለዓመታት የቆመ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 አላቸው። በእረፍቴ ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ቤት ውስጥ እያደስኩት ነው። የላይኛው ሽፋን ተሰነጣጥቋል። ሽቦው በየቦታው ተቆርጦ ተቀጥሏል። ከመፍታቴ በፊት የነዳጁም የሙቀቱም ጌጅ ከሚገባው በላይ ያነቡ ነበር፤ አዲስ ልገዛላቸው አስቤያለሁ። እንደዚህ ስራ ደስ ያለኝ ነገር የለም። ትምህርቴን ትቼ የአሮጌ መኪና እድሳትን ሙያዬ ባደርገው ያዋጣኛል? ቤተሰቦቼ «የእረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ከዚያ አያልፍም» ይሉኛል። ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርህ። ትምህርትህን አሁን አትተው። ዳሽቦርዱንም አትተው። ካንዱ አንዱን ካልመረጥኩ ብለህ ራስህን አታስጨንቅ፤ ገና ለመምረጥ የሚያበቃ መረጃ በእጅህ የለም። መረጃው የሚገኘው እዚያው የፈታኸው ዳሽቦርድ ላይ ነው። እንዴት እንደሚገኝ ነው ዛሬ የምነግርህ።

ቤተሰቦችህ ያሉህን በሁለት ከፍዬ ነው የማየው። ስላንተ መጨነቃቸው ልክ ነው። «ከማሳለፊያ አያልፍም» ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ላንድሮቨር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ሲሪስ 1 መኪኖች እያደሰ መሸጥ ጀምሯል። ቶዮታም በ2021 ለአሮጌው ላንድክሩዘር 40 ሞዴል መለዋወጫ እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል። በአሜሪካ ካንሳስ የሚገኘው ማክፈርሰን ኮሌጅ በመኪና እድሳት የባችለር ዲግሪ ይሰጣል። ሙያው አለ ማለት ነው። ያንተ ሙያ ነው ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የማያስተውሉት ነገር አለ። «ዳሽቦርድ አዳሽ ይፈለጋል» የሚል የስራ ማስታወቂያ ብትፈልግ አታገኝም። ዳሽቦርድ የአንድ ሰው ስራ አይደለም። ሽፋኑ የልባስ ሰሪ ነው። ብረቱ የቀለም ቀቢ ነው። ሽቦው የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ጌጁ ደግሞ የሰዓት ሰሪ ዓይነት እጅ ያለው ሰው ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትሰራ አራቱንም ትነካቸዋለህ፤ ትልልቅ ጋራዦች ውስጥ ግን አራቱ የተለያዩ ወንበሮች ናቸው። አንተ «ይህን ስራ ወደድኩት» ስትለኝ፣ የቱን? ብዬ እጠይቅሃለሁ። ሽፋኑን ስትለጥፍ ነው ጊዜው ሳይታወቅህ የሚሄደው፣ ወይስ የጠፋ ሽቦ ስትከታተል? ሌላው ቀርቶ፣ ነገ ልጨርሰው እያልክ በየቀኑ የምታሳድረው የትኛውን ነው? እሱን በሐቀኝነት መልስ። የምታሳድረው ስራ ሙያህ አይሆንም።

እኔ ከጠየቅኸኝ፣ ካሉት ሁሉ ሽቦውን በደንብ ያዘው እላለሁ። ምክንያቱን በጌጆችህ ላሳይህ።

ሁለት ጌጆች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አቅጣጫ ከተሳሳቱ ሁለቱም ተበላሽተዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የሚጋሩት ነገር ምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። ያንተ መኪና ላይ የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ በቀጥታ ከባትሪ አይመገቡም። ከጀርባቸው አንዲት ትንሽ የቮልቴጅ ማረጋጊያ አለች። የባትሪው ኃይል ከፍ ዝቅ ቢልም እሷ ለጌጆቹ በአማካይ 10 ቮልት ገደማ ትሰጣለች። ይህን የምታደርገው ውስጧ ያለ ቀጭን ብረት ሲግል እየተጣመመ፣ ሲቀዘቅዝ እየተመለሰ መስመሩን ቶሎ ቶሎ እየቆረጠና እየቀጠለ ነው። ብረቱ ከተጣበቀ ወይም የማረጋጊያዋ ቤት ማሳ ካጣ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር ያለው ግንኙነት ከላላ፣ መቁረጡ ይቀርና ሙሉው የባትሪ ኃይል ያልፋል። ያኔ ሁለቱም ጌጆች ከፍ አድርገው ያነባሉ። አንተም ያየኸው ይህን ይመስላል።

ስለዚህ አዲስ ጌጅ ከመግዛትህ በፊት ማረጋጊያዋ የምትታሰርበትን ቦታ ዝገቱንና ቀለሙን ጠርገህ ብረቱን አውጣው። ባትሪ በፊውዝ በኩል ስጣትና ከጌጅ ጋር እንደተገናኘች መውጫዋን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ቢዋልል አትደንግጥ፤ ስራዋ ነው። ቀጥ ብሎ የባትሪውን ያህል ካሳየህ ችግሩን አገኘኸው። ማረጋጊያዋ ጤነኛ ከሆነች ያኔ ወደ ጌጆቹና ወደ ሴንሰሮቹ ትሄዳለህ።

አየህ፣ ጌጅ መቀየር ማንም ይችላል። «ሁለቱ የሚጋሩት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ሙያ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከአሮጌ ላንድሮቨር አልፎ አዲስ መኪና፣ ትራክተር፣ ጀነሬተር፣ የፋብሪካ ማሽን ላይ ሁሉ ያገለግልሃል። የአሮጌ መኪና ገበያ ቢቀዘቅዝ እንኳ ይህ ችሎታ ስራ አያጣም። ሽቦውን አስቀድም ያልኩህም ለዚህ ነው።

የሽቦህን ቀለማትም ከዛሬ ጀምረህ ልመዳቸው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኪኖች አንድ ወጥ የቀለም ስርዓት ይከተሉ ነበር። ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣና ፊውዝ የሌለው ነው፤ እሱን ተጠንቀቀው። ነጩ፣ የሞተሩ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኝ ነው። አረንጓዴው ያው ሆኖ በፊውዝ ያለፈ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴው ከማረጋጊያዋ ወደ ጌጆቹ የሚሄደው ነው። ቀዩ የፓርኪንግና የዳሽቦርድ መብራት፣ ጥቁሩ ማሳ። «በየቦታው ተቀጥሏል» ያልከኝ ቦታ ላይ ቀለሙ መሀል መንገድ ላይ ይቀየርብሃል። እያንዳንዱን ቅጥል በወረቀት ላይ ሳለው፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በቴስተር አረጋግጥ፣ ከዚያ በትክክለኛው ቀለምና ውፍረት ተካው። በእጅህ የሳልከውን ያን ወረቀት አትጣለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስለ ሽፋኑ ባጭሩ። የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ላይ የሰውነት ስቱኮ ሞልቶ መቀባት መጀመሪያ ያምራል፣ ኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ሽፋኑ በሙቀት ይለጠጣል፣ በቅዝቃዜ ይኮማተራል፣ ስቱኮው ግን ደረቅ ነው። ፀሐይ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የዳሽቦርድ ገጽ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መሙያህ የሚተጣጠፍ፣ ማጣበቂያህም ሙቀት የሚችል ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማጽዳቱ ላይ ጊዜ ስጥ። ለዓመታት የተቀባው ማብረቂያ ሲሊኮን ካለበት ቀለምም ማጣበቂያም አይዝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ልባስ ላይ የሚታየው ውድቀት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዝግጅት የሚመጣ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነና አጎትህ ከፈቀዱ ግን እንዳለ ብትተወው እመርጣለሁ። ዓለም አቀፉ የአሮጌ መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድ አለ። ዋና ሐሳቡ ከማደስ በፊት መጠበቅ ይቅደም፣ የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ፣ በተቻለ መጠንም ወደነበረበት መመለስ የሚቻል ይሁን የሚል ነው። በዚህ መስክ ልትቀጠር ካሰብክ ይህን አስተሳሰብ ከወዲሁ ልመደው።

ቤት ውስጥ እንደምትሰራ ስለነገርከኝ ዝም ብዬ ላልፋቸው የማልችላቸው ነገሮች አሉ። መኪናው ላይ ከመስራትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የድሮ ቀለም ሊድ (መርዛማ ብረት) ሊኖረው ስለሚችል ብረቱን በደረቁ አትፈግፍገው፤ በውሃ እያረጠብክ፣ ጭንብል አድርገህ፣ ሰው ከሚበላበትና ሕፃን ከሚጫወትበት ርቀህ ስራ። በማሞቂያውና በሞተሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አሮጌ ቃጫ መሰል ነገር ካገኘህ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ፣ ሊሆን ይችላል፤ አትቅደደው፣ አታራግፈው። ማጣበቂያና ማቅለጫ (ቲነር) ደግሞ መስኮት በተከፈተበት ክፍል እንኳ አይበቃውም፤ ውጭ አውጣው።

አንድ ተጨማሪ፣ ላንተ መኪና ባይሆንም ለወደፊት የሚያስፈልግህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሰሩ የጦር ጂፖች ጌጅ ላይ በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ዛሬ አያበራም፤ ያረጀው የሚያበራው ንጥረ ነገር ነው እንጂ ራዲየሙ አይደለም። ራዲየም ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ጌጅ እጅህ ቢገባ መስታወቱን አትክፈተው። የፈለገ ደንበኛ ቢለምንህም አትክፈተው።

አሁን ወደ ስራ ፍለጋው። የሙያ መረጃህ (ሲቪህ) ላይ «አሮጌ መኪና ማደስ እወዳለሁ» ብለህ የትርፍ ጊዜ ፍላጎት ስር አትቅበረው። እንዲህ ጻፈው፦ «የላንድሮቨር ሲሪስ 3 ዳሽቦርድ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ፣ የተቆራረጠውን ሽቦ በራሴ ንድፍ መዝግቤ በመጀመሪያው የቀለም ስርዓት ቀይሬያለሁ። የጌጆቹን የተሳሳተ ንባብ ምክንያት ለይቼ አስተካክያለሁ። ሁሉም ጌጅና መብራት ይሰራል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እውነት ሳትሆን እንዳትጽፋት። ከጎኑ ፎቶ አያይዝ፤ ሲፈታ፣ መሀል ላይ፣ ሲገጠም። ያ በእጅህ የሳልከው የሽቦ ወረቀትም ይኑርበት። ቀጣሪ ከሚያበራው ዳሽቦርድ ፎቶ ይልቅ ያንን ወረቀት ረዘም አድርጎ ያያል። የተስተካከለ ነገር ማንም ፎቶ ያነሳል፤ እንዴት እንዳሰብክ የሚያሳየው ግን ወረቀቱ ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ከመክፈትህ በፊት ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ቆጣሪውን ስትጠግን ቁጥሩ ከተነካ በጽሑፍ ለአጎትህ አሳውቅ። በብዙ አገሮች ቁጥር መቀነስ ወንጀል ነው። ወንጀል በማይሆንበትም ቦታ ቢሆን ስምህን አንዴ ያበላሸዋል፣ በዚህ ሙያ ደግሞ ያለ መልካም ስም ማንም መኪናውን አይሰጥህም።

የአካውንቲንግ ትምህርትህን አትተው ያልኩህ በሌላ ምክንያትም ነው። እጃቸው ወርቅ ሆኖ ዋጋ መተመን የሚያቅታቸው ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ዳሽቦርድ በተለይ ያታልላል፤ «አንድ ቀን ነው» የተባለው ስራ ሳምንት ይበላል። አንተ ከዛሬ ጀምረህ ሰዓትህን መዝግብ። መፍታት ስንት፣ ሽቦ ስንት፣ ሽፋን ስንት፣ ዕቃ ፍለጋ ስንት። ሲያልቅ በሰዓት ቢከፈልህ ኖሮ ሰው ይህን ዋጋ ይከፍል ነበር ወይ ብለህ አስላ። ለቤተሰቦችህም ከስሜት ይልቅ ይህን ሂሳብ አሳያቸው። ባያሳምናቸው እንኳ ነገሩን በቁም ነገር እንደያዝከው ያውቃሉ።

ከዚያ ሁለተኛ ዳሽቦርድ ስራ። የራስህ ያልሆነ፣ የአጎትህም ያልሆነ፣ የማታፈቅረው መኪና ቢሆን ይሻላል። የመጀመሪያውን ሰው በፍቅር ይጨርሰዋል። ሌላ ሰው ቀን ቆርጦ ሲጠብቅህ፣ ዕቃ ጠፍቶ፣ አንተም ደክሞህ የምትሰራው ነው ሙያ መሆን አለመሆኑን የሚነግርህ። ተጠንቀቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት ከተሰሩ የእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። አንዳንድ አሮጌ የናፍጣ መኪኖችም 12 ሳይሆን 24 ቮልት ናቸው። ሽቦ ከመንካትህ በፊት ይህን ለይ።

ሁለተኛው ካለቀ በኋላም ልብህ እዚያው ከሆነ ወደ ጋራዥ ሂድ። ዩኒቨርሲቲውን ሳትለቅ፣ ቅዳሜና በእረፍት ጊዜ። ስትጠይቅ «ስራ አለ?» አትበል። «የመኪና ሽቦ ስራ ላይ እጄን ማጠንከር እፈልጋለሁ፤ የሰራሁት ይኸውና፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናንተ ኤሌክትሪሻን ጎን መስራት እችላለሁ?» በል። ምን ልትማር እንደመጣህ የሚያውቅ ልጅ በቀላሉ አይመለስም። ክፍያውን፣ ሰዓቱንና ለስንት ጊዜ እንደሆነ ግን መጀመሪያውኑ ተነጋገር። ነፃ ጉልበት ሆነህ እንዳትቀር።

ከቀረው እረፍትህ የዚህን ሳምንት ለማረጋጊያዋና ለማሳዎቹ ስጠው። ጌጆቹን አትግዛ። ውጤቱን ጻፍልኝ፣ የሽቦ ንድፍህንም አብረህ ላክልኝ፤ እሱን አይቼ የትኛው ዓይነት ጋራዥ እንደሚሻልህ እነግርሃለሁ።