ሞተሩ የራሱ ያልሆነ መኪና

ልጆቼ፣

ጋራዤን ለሌላ ሰው ካስረከብሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወገቤ ጡረታ ወጥቷል፤ ስልኬ ግን አልወጣም። በተለይ እዚህ ቨርጂኒያ ብርዱ አልፎ ዛፉ ማበብ ሲጀምር፣ ከእናንተ መካከል የመጀመሪያውን ደህና ደመወዝ ያገኘ አንዱ ይደውላል። «ጋሼ፣ የቆየ ፖርሼ አግኝቻለሁ። ዋጋው ጥሩ ነው። ግን ሞተሩ የራሱ አይደለም፣ ዕቃውም ተቀያይሯል ይላሉ። ልተወው?» ለእያንዳንዱ ስመልስ ሻዬ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈው።

እኔ ሙያውን የተማርሁት አዲስ አበባ፣ በቮልስ ላይ ነው። ቮልስ አራት ቡሎን ከተፈታለት ሞተሩ በኋላው በኩል የሚወርድ መኪና ነው። ጠዋት አውርደን፣ ከሰዓት በኋላ የሌላ ቮልስ ሞተር እንገጥምለት ነበር። በሩን ከአንዱ፣ ፓራፋንጎውን ከሌላው፣ የጎደለውን ደግሞ ከሶማሌ ተራ። ባለቤቱ የሚጠይቀው «ይነሳል?» ብሎ ብቻ ነው። «ይህ ሞተር ከዚህ ሻንሲ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ወይ?» የሚል ሰው ቢመጣ፣ አለቃችን ጠበል ውሰዱት ይሉ ነበር።

አሜሪካ መጥቼ በተቀጠርሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ገዢ የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ከማራገቢያው አጠገብ፣ በቀኝ በኩል የተመታውን ቁጥር አነበበ፤ ከያዘው ወረቀት ጋር አስተያየው፤ ቀና ብሎም ለሻጩ የሚከፍለውን ዋጋ ወደ ሁለት ሦስተኛ አወረደው። ሞተሩ እንደ ሰዓት የሚሠራ ነበር፤ ያነሳሁት እኔ ራሴ ነኝ። በሆዴ ስስቅ የቆየሁት ሰውዬ ያን ቀን ሳቄን አስቆመኝ። አንድ መኪና ሁለት ዋጋ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው፤ አንዱ የመሄጃ ዋጋ፣ ሌላው የታሪኩ ዋጋ። የምትደውሉልኝ ልጆች ሁሉ የምትቸገሩት ሁለቱን እየቀላቀላችሁ ነው።

የማውቀውን ልንገራችሁ፤ የማውቀውም ፖርሼ 911 ነው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው፤ የ911ን መልክ የሳለው ደግሞ የልጅ ልጁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ሆኖ ቆየ። የኋላውን ኮፈን በከፈትሁ ቁጥር የአጎቴ ልጅ ቤት የገባሁ ይመስለኛል፤ ቤቱ ይበልጣል፣ ሽታው ግን ያው ነው።

ከሁሉም ብዙ የሠራሁበት ከ1978 እስከ 1983 የወጣው ባለ 3 ሊትሩ ኤስሲ ነው። ጠንካራ ሞተር ነው። ነገር ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሁሉ በረከት አይደለም። ቫልቮቹን የሚከፍቱትን የካም ዘንጎች የሚያዞሩ ሁለት ሰንሰለቶች አሉ፤ ሰንሰለቶቹን ወጥሮ የሚይዝ መወጠሪያም አላቸው። የጥንቱ መወጠሪያ በውስጡ በታሸገ ዘይት የሚሠራ ነው። ያ ዘይት ያመለጠ ቀን ሰንሰለቱ ይላላል፤ ከላላ ጥርስ ይዘላል፤ ጥርስ ከዘለለ ቫልቩ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ አዲስ ሞተር ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ በ1984 ኤስሲን ተክቶ በወጣው ካሬራ ላይ ከሞተሩ የዘይት ግፊት የሚመገብ መወጠሪያ ገጠመ። አስተዋይ ባለቤቶችም ያንን ገዝተው ወደ ኤስሲያቸው አዞሩት። እንግዲህ ይህ «ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ» ነው። እኔ ግን እንዲህ የተቀየረለትን መኪና ስሸኝ ሌሊት እተኛለሁ፤ ያልተቀየረለትን ስሸኝ ደግሞ ስልክ እጠብቃለሁ።

ሞተሩ አየር የሚስብበት ሳጥንም እንዲሁ ነው። ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በብርድ ማለዳ ሞተሩ ወደ ኋላ ከተኮሰ ይሰነጠቃል፣ መኪናውም ከቆመበት አይነቃነቅም። ግፊቱን የሚያስተነፍስ ትንሽ ክዳን ከላዩ ገጥሞ የሚገላግለው ሌላ ሠሪ ነው፤ ፋብሪካው አላደረገውም። መሐሉ ጎማ የሆነው የጥንቱ የፍሪሲዮን ዲስክም ዕድሜ ሲጠግብ ይፈረፈራል፤ በስፕሪንግ የሚሠራውን ማስገባት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የ1979 ኤስሲ ይዞ ወደ ቀድሞ ጋራዤ መጣ፤ እኔም ለቡና ተገኝቼ ነበር። ሻጩ «ከፋብሪካ ከወጣ የሰው እጅ አልነካውም» ብሎታል፤ ልጁም እየደጋገመ ይለዋል፣ እንደ ሚዜ። የተጓዘው ማይል እጅግ ትንሽ ነው። በነዚህ መኪኖች ማይል ቆጣሪ ውስጥ ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ቶሎ እንደምትሰበርና ከተሰበረች በኋላ መኪናው ምንም ቢሄድ ቁጥሩ እንደማይነቃነቅ አልነገርሁትም፤ ፊቱ በጣም በርቶ ነበር። መወጠሪያዎቹን አየናቸው፤ የጥንቶቹ ናቸው። «መቀየር አለባቸው» አልሁት። «ጋሼ፣ ታዲያ ኦርጅናልነቱ አይበላሽም?» አለኝ። «የወጣውን ዕቃ በካርቶን አድርግ፣ ቀኑን ጻፍበት፣ አልጋህ ሥር አስገባው። ስትሸጥ አብረህ ትሰጣለህ» አልሁት። አሁን ካርቶኑ አልጋው ሥር አለ፤ እናቱ ምንድን ነው ይህ ብለው ሊጥሉት እንደነበር ሰምቻለሁ።

እንዲህ ተፈትቶ የሚመለስ ለውጥ አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው የማይመለሰው ነው። በ1980ዎቹ ተራውን 911 ሰፊውንና ኃይለኛውን ቱርቦ ለማስመሰል የኋላ ፓራፋንጎውን ቆርጦ ሰፊ መበየድ ፋሽን ነበር። የተቆረጠ አካል ካርቶን ውስጥ አይገባም። ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው የአካሉን ብረት በዚንክ እየለበጠ ነው የሠራው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በወጣ መኪና ላይ የበዛ ዝገት ካየሁ በመጀመሪያ የማስበው ዕድሜን ሳይሆን ግጭትን ነው፤ አንድ ባትላሜራ ቆርጦ በይዶ ዚንኩን አቃጥሎ ሄዷል ማለት ነው። የቀለም ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ዋጋው ከአንድ እራት አይበልጥም። ያዙትና መኪናውን ዙሩት፤ ሻጩ ፊቱን ከቀየረ እርሱም መረጃ ነው።

ወደ ሞተሩ ቁጥር ልመለስ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የሞተሩና የካምቢዮው ቁጥር ይመዘገባል። ሁለቱ ከመዝገቡ ጋር ከገጠሙ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ይጨምራሉ። እናንተ ሰብሳቢ ካልሆናችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ወጥታችሁ ለመመለስ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ሞተሩ የሌላ መሆኑ በረከታችሁ ነው፤ ያንኑ መንገድ በረከሰ ዋጋ ትሄዱታላችሁ። ፋብሪካው ራሱ ምትክ ሞተር ይሸጥ ስለነበር የቁጥር አለመግጠም በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ ነው፤ የሞተሩን ቁጥር ፍቆ የመዝገቡን ቁጥር መልሶ መምታት። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በደንብ አብሩበት። ዙሪያው አርባ ዓመት የቆሸሸ ሆኖ ያቺ ቦታ ብቻ ካበራች፣ አሃዞቹም እንደ ሕፃን ጽሕፈት ከተንጋደዱ፣ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር አመስግናችሁ ውጡ። ስለ ቁጥሩ የዋሸ ሰው ስለ ሰንሰለቱም ይዋሻል። እንዲህ ያለውን ሰው ተከራክሬ ያረምሁበት ጊዜ የለም፤ እናንተም አትሞክሩ።

ስለ ሌላው በአጭሩ። ስትሄዱ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ አትደንግጡ፤ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይት እየሰረገ ይገባል፣ ሲሞቅ ካላቆመ ግን ደንግጡ። በጎማው ጎን «DOT» ብሎ ከሚጀምረው ምልክት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር አትመኑት። እዚህ ቨርጂኒያ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአንቲክ ታርጋ ሲያወጣ ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ይሆናል፤ በእኛ አገር አነጋገር ያለ ቦሎ ይሄዳል ማለት ነው። ያንን ታርጋ ስታዩ ክብሩን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑን ለስንት ዓመት ማንም እንዳላየውም አስቡ። የጋራዥ ምርመራ ሳታስደርጉ አትግዙ፤ የሲሊንደሮቹን የአየር ማምለጥ የሚለካ መካኒክ ፈልጉ፤ ሻጩ ራሱ የሚመርጥላችሁን ሳይሆን።

ከምርመራውም በላይ የምወደው ደረሰኝ ነው። አንዲት ነርስ ልጅ፣ የወዳጄ ልጅ፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ሞተሯም የራሷ ያልሆነ ኤስሲ ገዝታ አባቷ ሊቆጣ መጣ። ከመኪናዋ ጋር የጫማ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ነበር። ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደመጣ፣ ማን እንደገጠመው፣ ስንት ማይል ላይ እንደሆነ ሁሉም አለ። አባቷን ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ አነበብሁለት። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ይልቅ እርሱ ነው መኪናዋን የሚያጥበው።

አሁን የራሴን ልናገር። ከ1974 እስከ 1977 የወጡት ባለ 2.7 ሊትር ሞተሮች ዋና ቤታቸው ከማግኒዥየም የተሠራ ነው። ሲሞቅ ቴስታታውን የሚይዙትን ረጃጅም ቡሎኖች ጥርስ መያዝ ያቅተዋል፤ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ጭሱን ለማጥራት የተገጠመው ዕቃ ሙቀቱን አባባሰው። በ1994 አንድ ደንበኛዬ ቡሎኖቹ የተነቀሉበት የ1976 መኪና ይዞ መጣ። ማሽን አድርጎ፣ የብረት ጥርስ አስገብቶ ማዳን ይቻል ነበር። እኔ ግን «ጣጣ ምን ያደርግልሃል፤ ደህና የኤስሲ ሞተር ላግባልህ» አልሁት። ገባለት፤ መኪናውም በረረ፤ እርሱም መረቀኝ። የወጣውን ሞተር ቤት ከሌላ ብረት ጋር ለቁርጥራጭ ገዢ ሸጥሁት። የተቀበልሁት ገንዘብ ለሠራተኞቼ የአንድ ቀን ምሳ ሆነ። ያን ጊዜ እነዚህ መኪኖች ርካሽ ነበሩ፤ ማንም ቁጥር አይጠይቅም ነበር ልል እችላለሁ። ግን ያ የእጅ ባትሪ የያዘ ሰውዬ ከዚያ በፊት ነው የመጣው፤ አውቅ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት የዚያ ደንበኛዬ ልጅ ደወለልኝ። አባቱ አርፏል፤ መኪናውን ሊሸጥ ነው፤ ገዢው የጥንቱ ሞተር የት ሄደ እያለ ነው። «ሞተሩ እርስዎ ጋ ይኖር ይሆን ብዬ ነው» አለኝ፣ ተስፋ ባለው ድምፅ። የለም አልሁት። ለምን እንደሌለም ነገርሁት። ዝም አለ። ምን ልጨምርለት? ወረቀት አወጣሁና በራሴ እጅ ጻፍሁ፤ በ1994 የጥንቱን ሞተር ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የገባው ከኤስሲ የመጣ ነው፣ ቁጥሩም ይህ ነው፣ የጥንቱ ቤት ለቁርጥራጭ ተሸጧል፣ ይድን ነበር። ፈርሜ ላክሁለት። ገዢው ዋጋውን ትንሽ ቀንሶ ወሰደው፤ ወረቀቱም ከደረሰኞቹ ጋር አብሮ ሄደ።