ስኒ ስትመርጡ፦ ጎጆ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣

ለጎጆ ዕቃ ስትገዙ ሶፋው ሳምንት ሙሉ ያከራክራችኋል፤ ስኒው ግን በተረፈው ብር፣ ሊመሽ ሲል፣ በሁለት ደቂቃ ይመረጣል። ልጆቻችሁ አድገው «የእኛ ቤት» ሲሉ በዓይናቸው የሚመጣው ግን ረከቦቱ ላይ የነበረው ስኒ ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ሥራ አለባችሁ።

የሁለቱንም ወገን እናቶች፣ አያት ካለችም እሷን፣ ለየብቻ ጠይቁ። «ምን ዓይነት ስኒ ነበራችሁ?» ካላችሁ መልሱ «አበባ ያለበት» ነው። በዚህ መልስ ስኒ አይገዛም። ጥያቄውን አጥብቡት፦ አበባው በውጭ ነበር በውስጥ? ጠርዙ ላይ ያለው ወርቅ አንድ መስመር ነው ሁለት? ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል ወይስ ቀጥ ያለ ነው? በእጅ ሲያዝ ይከብድ ነበር? አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እናት የምትነግራችሁ ብዙ ጊዜ ስለ እንግዳ ስኒው ነው፣ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት ስለኖረው። ልጆቹ በእጃቸው የያዙት ግን የዘወትሩን ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ዓይነት የተራረፈ፣ መልኩ የማይገጥም ነው። ሁለቱ ከተለያዩ እኔ የዘወትሩን ምረጡ ባይ ነኝ። ከድሮው አንድ ስኒ፣ ስባሪም ቢሆን፣ ከተገኘ ይዛችሁት ሂዱ። ታቹ ላይ ያለውን ማህተም ፎቶ አንሱ፤ ነጋዴው ያንኑ ባያገኝላችሁ እንኳ ቅርበቱን በዓይን ታመዛዝናላችሁ።

«ጥንታዊው የሸዋ ስኒ ይኸውና» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነቀፈ ነበር። ነቀፋው የላላው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን በማስወገድ ረድተዋል። በብዙ ቤት የስኒ ትዝታ ከአራት ከአምስት ትውልድ አያልፍም ማለት ነው። ቃሉስ ቢሆን ከዓረብኛ የመጣ፣ «የቻይና» ማለት አይደል? «የቻይና ስኒ» የሚል ሰው ቻይናን ሁለት ጊዜ ጠራት።

አሁን ወደ ሱቁ። ስኒውን በጣታችሁ ጫፍ ላይ አስቀምጡና በጥፍር ጠርዙን ቀስ ብላችሁ ምቱ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወይ የማይታይ ስንጥቅ አለው ወይ በደንብ አልተቃጠለም። የካርቶኑን ሁሉ አንድ በአንድ ምቱ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርምም። ቀጥሎ ገልብጡት። እግሩ ሥር፣ ልባስ (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ያልነካው ቀለበት አለ፤ እሱን በምራቅ ወይም በውሃ አርጥቡት። ነጭና ድፍን ሆኖ ውሃው ላዩ ላይ ከቆየ በ1,300 ዲግሪ አካባቢ የተቃጠለ ፖርስሊን የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ውሃውን ከጠጣው ግን ጭቃው ክፍተት አለው፤ ከጊዜ በኋላ ልባሱ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቅና ቡናው እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስለቅቀው የለም።

ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩ። ከልባሱ ሥር ያለ ሥዕል እንደ ስኒው ያብረቀርቃል፣ በጣትም አይታወቅም። በላይ የተለጠፈው ግን በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ይደበዝዛል። ትዝታችሁ ሰማያዊ አበባ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሰማያዊ ቀለም የምድጃውን ሙቀት ስለሚችል ከሥር ሊሣል ይችላል። ወርቁ ግን ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ይለቃል። ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሥዕል ያለበትን፣ በተለይ አሮጌውን፣ አትጠጡበት፤ እንዲህ ያሉ ቀለሞች እርሳስና ካድሚየም ሊኖራቸው ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ከስድስቱ አንዱን ኮምጣጤ ውስጥ 24 ሰዓት ዘፍዝፉት። ቀለሙ ከደበዘዘ ስኒው ለዓይን ብቻ ይሁን። ባይደበዝዝም ፍጹም ዋስትና አይደለም።

መጠኑን በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለኩ። የድሮው ስኒ አራት ሲሪንጅ ከያዘ 80 ሚሊ ነው። ስድስቱ 480 ሚሊ ይፈልጋሉ፤ አተላው ታች ስለሚቀር ጀበናው ቢያንስ 600 ሚሊ ይሁን። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ መልኩ የገጠመ ግን 110 ሚሊ የሚይዝ ስኒ ይገዙና የእናትየዋ ጀበና አራት ሰው ብቻ ያዳርሳል። ያኔ ውሃ ይጨመራል፣ አቦሉ ቶና ይመስላል፣ ጥፋተኛዋም ቡና አፍይዋ ትሆናለች። ጆሮ የሌለው ስኒ ከሆነ ከንፈሩ ትንሽ ወደ ውጭ መገልበጡን እዩ፤ ቀጥ ያለው ሞልቶ ሲቀዳ ጣት ያቃጥላል።

ቁጥሩ? አሥራ ሁለቱን ከአንድ ዓይነት ከመግዛት ስድስቱን በእሷ ቤት አምሳያ፣ ስድስቱን በእሱ ቤት ማድረግ ይሻላል፤ ቁመታቸው ከገጠመ ረከቦቱ ላይ ያምራል። ከየዓይነቱ ግን ሁለት ሁለት መጠባበቂያ ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሥዕል ቢመጣ እንኳ ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ግራጫ ሊያደላ ይችላል።

ለደጋ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቡናው ከመነሻው ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ ወፍራም ስኒ ላይ ሲቀዳ ወዲያው ይበርዳል፤ በደንብ ያልተቃጠለው ደግሞ በድንገተኛው ሙቀት ይሰነጠቃል። እንግዳ ፊት ስኒ ሲታጠብ ማለቅለቂያው ውሃ ለብ ያለ ይሁን፣ ሁለቱም ነገር ይቀላል። ሸዋ ሮቢት ለምትኖሩት ይህ ጭንቀታችሁ አይደለም።

ስኒ ቡናው ሳይደርቅበት ይታጠብ። ወርቅ ያለበትን በአመድም በሽቦም አትፈትጉ። የቡና ቀለም ከያዘ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ አቡክታችሁ በጣት አሹት፤ በረኪና ወርቁን ያበላሻል። የተሰበረውን በማጣበቂያ ጠግናችሁ አትጠጡበት፤ ሥዕልና ማህተም ያለበትን ስባሪ ግን ለቀጣዩ ግዢ አስቀምጡት።

ወደ መንዝ የምትወስዱት በጠጠር መንገድ ከሆነ ስኒ በስኒ ውስጥ አትደርድሩ። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በአፉ ድፉት፣ ክፍተቱን በደረቅ የጤፍ ገለባ ጠቅጥቁት። ካርቶኑን ስታነቃንቁት ድምፅ ከሰማችሁ አልጠበቀም፤ ገለባ ጨምሩ። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ቶሎ ፈልቶ ቶሎ ይቀዳ አትበሉ፤ ስኒዎቹ ከገለባው ወጥተው አንድ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ይቆዩ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቋቸው።